ወንድሟ ሳይደርስ

ዝናቡ ባይመጣ ኖሮ ዓመለወርቅ ወደዚያ ሱቅ ባልገባች ነበር። የበዴሳ ገበያ ሞቅ ብሎ ሳለ ሰማዩ ድንገት ጠቆረና፣ ሰው ሁሉ እህሉን በሸራ፣ ራሱን በፌስታል ሸፍኖ በየበረንዳው ተበተነ። እሷም በአጠገቧ ባገኘችው በር ጥልቅ አለች። የማን ሱቅ እንደሆነ ልብ አላለችም። የሶዶን ገበያ ከተወች ወዲህ ከዲምቱ ወደ በዴሳ የምትመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ በዚህ በኩል ደንበኛም ጠላትም የላትም።

ከባንኮኒው ኋላ ሪሀና ተቀምጣለች። ሆዷ ገፍቶ ወንበሩ አልመች ስላላት ትራስ ከወገቧ ሥር አድርጋለች። ባሏ ሙዓዝ ለዕቃ ሐዋሳ ሄዷል። መደርደሪያው ላይ፣ በሳሙናና በቲማቲም ድልህ መካከል፣ ሬዲዮ ዜና ያነባል። ሪሀና የገባችውን ሴት ፊት ገና አላየችም። ያየችው ከነጠላው ላይ ውሃ የሚያራግፈውን እጅ ነው። የቀኝ እጇ አንጓ ተጣሞ ገጥሟል፤ መዳፏ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ልትቀበል የተዘረጋ ይመስላል። ከዚህ ወዲያ ቀና ብሎ ማየት አላስፈለጋትም። እጇን ሰደደችና ሬዲዮውን አጠፋችው።

"ሳሮ፣ ሳሮ! እስኪያባራ ነው እንግዲህ፤ መቼም ዝናብ ላይ አታስወጡኝም" አለች ዓመለወርቅ፣ ሰላምታዋም ንግግሯም በወላይትኛ፣ እየሳቀች። ከዚያ ቀና አለች። ሳቁ ፊቷ ላይ ጥቂት ቆየና ሄደ።

"አንቺ ነሽ።"

"እኔ ነኝ፣ እማማ።"

"ሬዲዮ ውስጥ አይደለሽም እንዴ?"

"አይደለሁም። አልገባሁም።"

"አልገባሽም?" አለች ዓመለወርቅ። "እኔ ደግሞ ይሄን ሁሉ ዓመት ሬዲዮ በተከፈተበት ቤት አላልፍም። ድምፅሽን እንዳልሰማ ስል ስንቱን መንገድ ዞሬያለሁ መሰለሽ።"

ሪሀና በርጩማ አውጥታ አቀረበችላት። ዓመለወርቅ በርጩማውን አየችው፤ አልተቀመጠችም። ወደ በሩ ዞራ ዝናቡን ማየት ጀመረች። ዝናቡ ደግሞ የበዴሳ ዝናብ ነው፤ ከያዘ አይለቅም።

እንዲህ አንዷ ቆማ፣ አንዷ ተቀምጣ፣ ሁለቱም ዝም ያሉበትን ምክንያት ለማወቅ ወደ ሶዶ፣ ወደ ከሊል ሱቅ መመለስ ይሻላል።

ከሊል የሪሀና አባት ነው። አባቱ ከስልጤ አገር ጨው ጭኖ መጥቶ ሶዶ ላይ የቀረ ሰው ነበር፤ ከሊልም ያንኑ ጨው፣ ሳሙናና ጋዝ ጨምሮበት፣ በጅምላ ይሸጣል። ደንበኞቹ ከየገጠሩ የሚመጡ ሴቶች ናቸው። ዓመለወርቅ ከነሱ አንዷ ነበረች፤ ከዲምቱ ትመጣለች፣ ሸክሟን ታዘጋጃለች፣ ልጇን ዳልጮን ባንኮኒው ላይ ከሪሀና ጋር አስቀምጣ ሌላ ጉዳይዋን ዞራ ትመለሳለች። የሪሀና እናት ናጂያ ታማ የተኛች ጊዜ፣ ሪሀና የዓመለወርቅ ጀርባ ላይ ታዝላ ነው ገበያ የዞረችው። ወላይትኛ የት ተማርሽ ሲሏት "ጀርባ ላይ" ትላለች። ውሸቷን አልነበረም። ከቤቷ ቋንቋ እኩል ይቀናታል፤ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሰማት የዲምቱ ልጅ ናት ይላል።

ዩኒቨርሲቲ ምደባ የወጣ ቀንም ዓመለወርቅ እዚያው ሱቅ ነበረች።

"ምን ደረሰሽ?" አላት ከሊል፣ ሚዛኑን ሳይለቅ።

"ኮሙኒኬሽን እና ሚዲያ።"

"ምንድን ነው ደግሞ እሱ?"

"ጋዜጠኝነት ነው፣ አባ።"

"ወሬ ነው በይኛ!" ከሊል ወደ ደንበኞቹ ዞረ። "ስሙኝማ፣ ልጄ ወሬ ልትማር ነው። ለወሬ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርጋል? እዚህ ባንኮኒ ላይ ብትቀመጪ እነሱ በሦስት ዓመት የሚሰጡሽን በሦስት ቀን ትጨርሺዋለሽ።"

ሴቶቹ ሳቁ። ዓመለወርቅ ብቻ ተቆጣች። "ተዋት አንተ ሰውዬ! አንድ ቀን ሬዲዮ ውስጥ ሆና 'እማማ ዓመለወርቅ፣ ዲምቱዎች፣ እንዴት ዋላችሁ' ትለኛለች። ያን ጊዜ ጨውህን በነፃ ነው የምወስደው።"

ከሊል ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ቃሉ አንድ ነው። ማታ ብቻዋን አስቀምጦ ነገራት። ተመርቃ ሥራ ከያዘች አንድ ቃል አይወጣውም፤ ካልያዘች ግን በዴሳ ያለው ዘመዳቸው፣ የሙዓዝ አባት፣ ለልጁ ደጋግሞ ጠይቋል፣ እሺ ይለዋል። ሪሀና ሙዓዝን አትጠላውም። የምትጠላው ባንኮኒውን ነው። ዕድሜዋን በሙሉ ከእንጨት ኋላ ተቀምጣ "ስንት ልስጥሽ?" ማለት ነው የምትጠላው። ስለዚህ የትምህርቱ ነገር ለሷ የቀልድ አልነበረም፤ ወይ ሬዲዮ ነው፣ ወይ ባንኮኒ።

ጊዜው ዩኒቨርሲቲው ገና አዲስ የነበረበት፣ ግቢው ውስጥ የተተከለው ችግኝ ከጉልበት ያላለፈበት፣ ተማሪው አንድ ለአምስት ተጠርንፎ የሚያጠናበትና የሚሰበሰብበት ጊዜ ነው። ጠዋት ጠዋት ልማታዊ ጋዜጠኝነት ይማራሉ፤ ድልድይ ሲመረቅ፣ ጉድጓድ ሲቆፈር፣ አርሶ አደሩ ሲያመሰግን። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሬዲዮ መምህራቸው ይገባል። ስሙን ማንም አይጠራውም፤ ተማሪው ሁሉ "ናቹራል" ነው የሚለው። ምክንያቱም አፉን ከከፈተ "ናቹራል ሳውንድ! ናቹራል ሳውንድ የታለ?" ነው። ከስቱዲዮ ውጪ ያለ፣ ያልተጠና፣ ሰው ሳያስበው ያወጣው ድምፅ ማለቱ ነው። ቀጭን፣ ችኩል፣ ሥራውን እንደ ነፍሱ የሚወድ ሰው ነበር። የሚወደውን ያህል ይሰድባል።

የሪሀና የመጀመሪያ ሥራ በክፍሉ ፊት ተሰማ። ስለ ሶዶ ገበያ ነበር። ናቹራል አጥፍቶት ዞረ።

"ያንቺ አባት ምንድን ነው ሥራው?"

"ነጋዴ።"

"ያስታውቃል! ይሄ ዘገባ ነው ወይስ የሱቅ መደርደሪያ? ጨው አለ፣ ስኳር አለ፣ ሳሙና አለ። ሰው የለም! ድምፅ አምጪ፣ እህቴ፣ የሚተነፍስ ድምፅ! ካልሆነ ወደ ባንኮኒሽ ተመለሺ፣ ቦታ አታጣብቢ።"

ክፍሉ አውካካ። ከዚያን ቀን ወዲህ በየኮሪደሩ "ሪሀና፣ ስኳር ገባ?" ይሏታል። ሳቀችላቸው። ማታ ግን ባንኮኒ የምትለዋ ቃል እንቅልፍ ከለከለቻት።

የመጨረሻው ዓመት ላይ የከተማው ሬዲዮ ከክፍሉ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ እወስዳለሁ አለ። ናቹራል ከመመረቂያ ሥራዎቹ የበለጠውን ይዞ ይሄድላቸዋል፤ እነሱ ሰምተው ይመርጣሉ። ሥራው በጥንድ ነው። ለሪሀና የደረሳት ሀብተየስ ነበር፤ አባቱ በረንዳ ላይ ልብስ የሚሰፋ፣ የጉራጌ ልጅ፣ ዝምተኛ፣ እጁ ለማሽን የተገራ። እሷ ትጠይቃለች፣ እሱ ይቀዳል። ዲፓርትመንቱ ያለው ደህና መቅረጫ ደግሞ አንድ ነው፤ ለያንዳንዱ ጥንድ አንድ ቀን ይሰጣል፣ በማግስቱ ለሚቀጥለው ይተላለፋል። ያመለጠህ አመለጠህ።

ተራቸው ሲደርስ ሊሄዱ ያሰቡት ሁምቦ ነበር፤ ተራራው ላይ ስለተተከለው ደን። ልማታዊ ነው፣ አያስወቅስም። ጠዋት መናኸሪያ ቆመው የሁምቦ መኪና እስኪሞላ ሲጠብቁ፣ አንዱ ወያላ ለሌላው ሲጮህ ሰሙ።

"ትናንት ማታ ዲምቱ ሳይደርስ አይሱዙ ተገልብጦ አልሰማህም? ሹፌሩ ተረፈ፤ ረዳቱ ግን እዚያው ነው የቀረው። ዳልጮ! ያ ረጅሙ፣ የዲምቱ ልጅ!"

ሪሀና እዚያው ያገኘችው ከረጢት ላይ ተቀመጠች። ባንኮኒው ላይ እግሩን እያወዛወዘ የሚቀመጠው ዳልጮ ነው። ከረሜላ ሰርቆ ግማሹን የሚሰጣት። ሀብተየስ ውሃ ገዝቶ አመጣላት፤ እስክትጠጣ፣ እስክታለቅስ ጠበቀ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣

"እናቱን ታውቂያታለሽ?" አላት።

"አዝላኝ ነው ያደግኩት።"

ሀብተየስ መቅረጫው ያለበትን የትከሻውን ቦርሳ አስተካከለ።

"አይሆንም" አለች ሪሀና። "የምሄደው ለቅሶ ለመድረስ ነው።"

"ለቅሶሽን ድረሺ። እኔ ጥግ እይዛለሁ። ሪሀና፣ ነገ መቅረጫው የሌሎች ነው። የሁምቦን ዛፍ ይዘን ሄደን ናቹራል ምን እንደሚል ታውቂያለሽ፤ 'ቅጠሉ ሲያለቅስ አልሰማሁም' ነው የሚለው። ከክፍሉ ውስጥ ማን አለ በቋንቋዋ የሚያናግራት? ማንን አቅፋ ታለቅሳለች?"

"ያን ያህል ጨካኝ ነኝ?"

"ስለ መንገዱ እንኳ ይነገርልን። ኩርባው ስንቱን ነው የበላው? እናቱ ከተናገረች ይሰማል።"

ደህና ምክንያት ነበር፤ ሰው ክፉ ሊሠራ ሲል ደህና ምክንያት መች ያጣል። ሪሀና እሺም እምቢም ሳትል የዲምቱ መኪና ላይ ወጣች። ነጠላዋን ለለቅሶ እንደሚገባው አዘቀዘቀች። ሀብተየስ አጠገቧ ተቀመጠ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያ አገር መርዶ እንዲሁ ዘው ተብሎ አይነገርም። እናት ልጇ ከሞተባት፣ የሷ ወገን ይጠበቃል፤ ወንድም ካላት ወንድሟ። እሱ ደርሶ፣ አጠገቧ ተቀምጦ፣ ሁለት እጇን ይዞ ነው የሚነገራት። ስትወድቅ የሚይዛት፣ ራሷን ስትጥል የሚሸከማት የእናቷ ልጅ መሆን አለበት። የዓመለወርቅ ወንድም ወልደመስቀል ደግሞ ሁምቦ ነው ያለው። ሌሊቱን ተልኮበታል፣ እየመጣ ነው። እሱ እስኪደርስ ጎረቤቱ በሙሉ ገና ሳይነጋ የሷ ግቢ ተሰብስቧል። "ምን ሆናችሁ?" ስትላቸው፣ "እንሰትሽን ልንፍቅልሽ፤ ብቻሽን ነሽ ብለን" አሏት። መንገድ እንዳትወጣ፣ ከማንም እንዳትሰማ። ሴቶቹ እንሰት ይፍቃሉ፤ ወንዶቹ አጥሩን የሚጠግኑ መስለው ይቆማሉ። ዓመለወርቅ ይህን ያህል መወደዷ አስደስቷት ቦይና የሚባለውን ሥራሥር ቀቅላ፣ በዳጣ በርበሬ አቅርባ ታበላቸዋለች። ለገዛ ለቀስተኞቿ። እነሱም አንገታቸውን ደፍተው ይበላሉ።

ሪሀና ይህን ልማድ አታውቅም ማለት አይቻልም። ታውቃለች። ግን ሌሊቱ አልፏል፣ እስካሁን ተነግሯታል ብላለች። ግቢው በር ላይ ስትደርስም ያየችው ሁሉ ይህንኑ ነው ያረጋገጠላት፤ ግቢ ሙሉ ሰው፣ ዝምታ፣ የቀላ ዓይን። እንሰት የሚፍቁትን ሴቶች አየች፤ ለለቅሶ የሚመጣ ሰው ብዙ ነውና ምግብ ያዘጋጃሉ አለች በልቧ። ድንኳን ያለመተከሉን፣ የሴቶቹ ነጠላ ያለመዘቅዘቁን ልብ አላለችም። አጥሩ ጋ የቆመ አንድ ሽማግሌ እጁን አንስቶ ወደሷ ፈጠን አለ። ሰላምታ መሰላት። ጎንበስ ብላ አለፈችው። ከኋላዋ የመቅረጫው ቁልፍ ቀጭ ሲል ሰማች።

ዓመለወርቅ ከጓሮ መጣች። እስከ አገጯ ድረስ የእንሰት ቅጠል ታቅፋለች።

ሪሀና ፊቷን አየችው። ሌላውን ሁሉ መርሳት ይቻላል፤ ያንን ፊት ግን አይቻልም። የደስ ደስ ያለው፣ ላብ ያረፈበት፣ እንግዳ በዛብኝ ብሎ የሚጨነቅ ፊት ነበር። ዓመለወርቅ እሷን ስታይ ደግሞ ይባስ በራ። በዚያች ቅጽበት ሪሀና ገባት። አልተነገራትም። አፏን መዝጋት ትችል ነበር፤ "እንዴት ነሽ እማማ፣ በዚህ ሳልፍ ነው" ማለት ትችል ነበር። ከኋላዋ መቅረጫው አለ። ነገ መቅረጫው የሌሎች ነው። ያልተጠና፣ ሰው ሳያስበው ያወጣው ድምፅ።

"እማማ" አለች በወላይትኛ፣ እንባዋ እየወረደ፣ "ዳልጮን እንዴት ቻልሽው?"

ቃሉ አመለጣት ወይስ ለቀቀችው፣ ሪሀና እስከዛሬ ለራሷ መመለስ አልቻለችም።

ቅጠሉ መሬት ላይ ተበተነ። ዓመለወርቅ መጀመሪያ ሪሀናን አየች፣ ከዚያ ጎረቤቶቿን አንድ በአንድ አየች፤ የሚፍቁትን፣ የሚጠግኑትን፣ የበሉትን። አንዳቸውም ቀና አላሉም። ከዚያ ጮኸች። ያንን ጩኸት በቃል መጻፍ አይቻልም፣ አይገባምም። ወደ በሩ ሮጠች፤ የሚይዛት ሰው የለም። ወንዶቹ ሊነኳት ፈሩ፣ የነሱ ተራ አይደለም። ደፉ ላይ ስትወድቅ በእጇ ተደገፈችና አንጓዋ እንደ ደረቅ እንጨት ተሰበረ።

"ምን አደረግሽ!" አለ ሽማግሌው፣ ሪሀናን በትከሻዋ ይዞ እየናጣት። "ወንድሟ ገና መንገድ ላይ ነው! ወንድሟ ሳይደርስ! ማን ላከሽ አንቺን?"

አንዲት ሴት እንሰት የሚፋቅበትን ቀርከሃ እንደያዘች መጣችባት። ሀብተየስ እጇን ጎትቶ አወጣት። መንገድ ላይ ሲሮጡ ከሶዶ በኩል የምትመጣ መኪና አለፈቻቸው፤ ከፊት አንድ ነጠላ የለበሰ ሰው ተቀምጧል። ወልደመስቀል ነበር።

መኪና ውስጥ ሪሀና መጀመሪያ የተናገረችው ቃል "አጥፋው" የሚል ነው።

"ምኑን?"

"የቀዳኸውን። አሁን አጥፋው፣ እያየሁህ።"

"የኔ አይደለም፤ የዲፓርትመንቱ ነው።"

"ሀብተየስ፣ በእናትህ!"

"እኔ ነኝ የጠየቅኳት?" አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አንቺ ጠየቅሽ፣ እኔ ቀዳሁ። አባቴ ዓይኑ ጠፍቷል፣ ሪሀና። መርፌው ውስጥ ክር የምከትትለት እኔ ነኝ። እኔ እንዳንቺ የምመለስበት ሱቅ የለኝም።" ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ያዘው፤ ሶዶ እስኪደርሱ አለቀቀውም።

ናቹራል በክፍሉ ፊት አሰማው። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ሲያልቅ "ድገመው" አለ። ሲደገም ከጠረጴዛው ላይ ብድግ አለ። "ይሄ! ይሄ ነው! ከጩኸቱ በፊት ያለችውን ዝምታ ሰማችኋት? ቅጠሉ ሲወድቅ? ወርቅ ነው ይሄ!" አንዲት ተማሪ እያለቀሰች ወጣች። "ውጪ፣ ውጪ" አለ ናቹራል ደስ ብሎት፣ "እንደዚህ ነው ማስወጣት ያለበት!" ከዚያ ወደ ሪሀና ዞረ። ሙገሳ ነበር የጠበቀችው፤ ስድብም ጠብቃ ነበር። "የጥያቄሽ ድምፅ ብቻ ሳውንዱን ያቆሽሸዋል" አላት። "እሱ ይቆረጥ።"

ተቆረጠ። ሬዲዮውም ሰምቶ ወደደው፤ በሳምንቱም ስለ ትራፊክ አደጋ ባዘጋጀው ዝግጅት ላይ አወጣው። ጣቢያው ደግሞ ልማታዊ ነውና፣ ጩኸቱ ሳያባራ "ይሁን እንጂ መንገዱን ለማስፋት ጥናት መጀመሩ ተገልጿል" የሚል ተከተለበት። የዳልጮ ስም ግን አልተጠራም። ሰዓት ስለጠበበ "አንድ ወጣት" ተባለ።

ያን ቀን ከሊል ዲምቱ ለቅሶ ላይ ነበር። ብቻውን ነው የሄደው። የሆነውን እዚያ እስኪደርስ አልሰማም፤ ሪሀና አልነገረችውም። ማታ ተመልሶ ሱቁን ሳይከፍት፣ ኮቱን ሳያወልቅ፣ እሷ ፊት ተቀመጠ።

"ድንኳን ውስጥ መቀመጫ አልሰጡኝም" አላት። "ቆሜ ዋልኩ። ይሁን አልኩ፣ ሰው በዝቶ ነው። በኋላ አንዱ ሬዲዮ ከፈተ፤ ስለ መንገዱ ይወራል ተብሎ። የሴት ጩኸት መጣ። ዓመለወርቅ መደብ ላይ ተጋድማለች፣ እጇ ታስሯል። ሰማች፣ ሰማችና ቀና ብላ ምን እንዳለች ታውቂያለሽ?"

ሪሀና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

"'ይህች ደግሞ የማን እናት ናት?' አለች። 'ምስኪን፣ ማን ሞቶባት ነው?' አለች።" ከሊል ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። "ማንም አልመለሰላትም። ወልደመስቀል ተነሥቶ ሬዲዮውን ከድንጋይ ጋር አጋጨው። ከዚያ ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። ያን ጊዜ ነው የነገሩኝ።"

ተነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ፣

"ወሬውን ተምረሽ ጨረስሽ አይደል?" አላት።

የዲምቱ ሴቶች ወደ ከሊል ሱቅ መምጣት ተዉ። ከሁሉ ቀድማ የተወችው ዓመለወርቅ ናት።

ሬዲዮው ሀብተየስን ወሰደ። ሪሀና አዘጋጁ ቢሮ ድረስ ሄዳ ነበር፤ ስለ ሥራው ስታስብ ታፍራለች፣ ባንኮኒውን ስታስብ ደግሞ ትፈራለች፣ ፍርሃቱ በለጠና ሄደች። ሰውዬው በትሕትና ነው ያናገራት። "ያመጣልን ቅጂ ላይ ያንቺ ድምፅ የለም፣ እህቴ" አላት። "እሱ ቀድቶ፣ እሱ አስተካክሎ ነው ያመጣው። አንቺ ምን ሠራሽ እንበል?"

ምን ትበል? "መርዶውን የነገርኳት እኔ ነኝ" ትበል?

በክረምቱ ለሙዓዝ ተዳረች። ጥሩ ሰው ነው ሙዓዝ፤ ዘመናዊ ባንኮኒ፣ ከላዩ መስታወት ያለው፣ አሠራላት።

እና አሁን ዝናቡ ቀጥሏል። ዓመለወርቅ በሩ ላይ እንደቆመች፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ጀመረች።

"የወንድሜ ልጅ ቤተልሔም አንቺ የተማርሽበት ገባች።"

"ደግ ነው፣ እማማ።"

"የአንቺኑ ትምህርት። ወልደመስቀል እምቢ ብሎ ነበር፣ እኔ ነኝ የለመንኩላት። በቀደም ለእረፍት መጣች። እግሬ ሥር ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ምን ሆንሽ ስላት፣ ክፍል ውስጥ አሰሙን አለችኝ። መምህሩ በየዓመቱ ለአዲስ ልጆች ያሰማዋል አለች። ድምፁን ወዲያው ነው ያወቀችው። ልጆቹ ማስታወሻ ይይዛሉ አለች፣ እሷ ብቻ ነች የማን እንደሆነ የምታውቀው።" ዓመለወርቅ ዞረች። "እኔ አንቺ ሬዲዮ ውስጥ ትልቅ ሰው ሆነሽ ነበር የመሰለኝ። አንድ ቀን መጥቼ እለምናታለሁ እል ነበር። እስኪ ንገሪኝ፣ ጠፍቷል? ማጥፋት ትችያለሽ?"

ሪሀና ባንኮኒውን በሁለት እጇ ያዘች። "አጠፋዋለሁ" ብትል ምን ነበረበት? ሴትዮዋ ለመስማት የተዘጋጀችው ያንን ነው። ግን ምላሷ አሁንም ቀደማት።

"አልጠፋም፣ እማማ። አይጠፋምም። ስንት ቦታ እንደተባዛ አላህ ነው የሚያውቀው። እኔን ማንም አይሰማኝም።"

ዓመለወርቅ አየቻት። ከዚያ ሪሀና ፈጽሞ ያልጠበቀችው ነገር ሆነ፤ ዓመለወርቅ ሳቀች። የሳቅ ለዛ የሌለው፣ አጭር ሳቅ።

"አንቺ ልጅ፣ አሁንም እንዲሁ ነሽ። ሰው ሳይቀመጥ ነው የምትነግሪው።"

"እማማ፣ ይቅር በዪኝ።"

"እሱን ለጌታ ነው የሰጠሁት፣ እኔ ጋ የለም።" ነጠላዋን በደህናው እጇ ራሷ ላይ ሳበች። ዝናቡ አላባራም፤ የምትሄድ ግን መሰለች። ዓይኗ የሪሀና ሆድ ላይ አረፈ፣ እዚያው ቆየ። "ስንት ወርሽ ነው?"

"ሊደርስ ነው።"

"ወንድ ነው። አቀማመጡ ወንድ ነው፤ ዳልጮም እንዲህ ወደላይ ነበር።" ቅርብ አለችና የተጣመመ እጇን ባንኮኒው መስታወት ላይ አኖረች፤ መዳፉ ወደ ላይ ተከፍቶ። ሪሀና ልትነካው ፈለገች፣ አልደፈረችም። "ስንት ልስጥሽ?" ከማለት ሌላ ባንኮኒ ላይ የሚባል ነገር አልመጣላትም፤ እሱንም ዋጠችው። ዓመለወርቅ እጇን አነሣችና ወደ ዝናቡ ወጣች። ከበረንዳው ወርዳ፣ ውሃው ላይ ቆማ፣ ዞር አለች።

"ይደግልሽ" አለቻት። "ይደግልሽ፣ ይባረክ። የእናት ቀን ግን አይታወቅም፣ ልጄ። ያንቺ ቀን የመጣ እንደሆነ፣ ቀድሞ አጠገብሽ ቁጭ ብሎ፣ እጅሽን ይዞ፣ ቀስ አድርጎ የሚነግርሽ ሰው አይጥፋ።"